ከገና እስከ ጥምቀት፦ በአንድ ማታ የሚያልቅ አጭር ልብ ወለድ ጠቁሙኝ

ማዕዶት (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ጤና ይስጥልኝ ለዚህ ቤት ሰዎች። የፈረንጆቹ ገና ሊደርስ ነው፤ እኛ ደግሞ ጾም ላይ ነን። እዚህ ሜሪላንድ መሥሪያ ቤቱ ይዘጋል፣ ልጆቹ ቤት ይውላሉ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሥጋ ሲጠብስ እኛ ሽሯችንን ይዘን እንቀመጣለን። ታኅሣሥ 29 ሲደርስ ደግሞ አገሩ በሙሉ ወደ ሥራው ተመልሶ፣ የገና ዛፎቹ መንገድ ዳር ተጥለው ነው የምናከብረው። በሁለቱ ገናዎች መካከል ያለችውን ጊዜ እኔ የማውላት ለአጭር ልብ ወለድ ነው። ረጅም መጽሐፍ በዚህ ሰሞን አይሆንልኝም፤ እንግዳ ይመጣል፣ ስልክ ይጮኻል፣ ለጥምቀት ስደርስ ማን የማን ልጅ እንደነበር ጠፍቶኛል። አጭሩ ግን አቦል ተቀድቶ በረካ ሳይደርስ ያልቃል።

ማስጀመሪያ እንዲሆን የእኔን ልንገራችሁ። ኦ. ሄንሪ «የሰብአ ሰገል ስጦታ»ን ያወጣው ዲሴምበር 10 ቀን 1905 በአንድ የኒውዮርክ የእሑድ ጋዜጣ ላይ ነው። ድሃ ባልና ሚስት ናቸው፤ እሷ የገና ስጦታ ልትገዛለት ፀጉሯን ትሸጣለች። ያላነበበ ካለ ከዚህ አላልፍም። እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ሂሳቡ ነው። ታሪኩ የሚጀምረው በ1 ዶላር ከ87 ሳንቲም ነው፤ ከዚያ ውስጥ 60ው ሳንቲም ሥጋ ሻጩንና አትክልት ሻጩን ተከራክራ በአንዳንድ ሳንቲም ያጠራቀመችው ነው። የቤት ኪራይ በሳምንት 8 ዶላር። የባልየው ደመወዝ ከ30 ወደ 20 ወርዷል። ፀጉሯ 20 ዶላር ያወጣል፣ የምትገዛለት የሰዓት ሰንሰለት 21 ይፈጃል፣ በተረፋት 87 ሳንቲም ወደ ቤቷ ትሮጣለች። ይህን ሁሉ አንድ በአንድ የሚቆጥር ጸሐፊ፣ ባልየው ለሚስቱ የገዛላት ስንት እንዳወጣ ግን አንድም ቦታ አይነግረንም። እሱ ጋ ሲደርስ ሂሳቡ ይቆማል። እዚያ ቦታ ላይ ሁሌ ቀና ብዬ ልጆቼን አያለሁ፤ አንዳቸውም ልብ አይሉትም፣ ምን ይደረግ!

የምፈልገው በአንድ ማታ የሚያልቅና ጮክ ብለው ሲያነቡት የሚጥም ነው። ልጆቼ አማርኛ ይሰማሉ፣ የሚመልሱት በእንግሊዝኛ ነው፤ ስለዚህ እንግሊዝኛውን እያየሁ እዚያው በአፌ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው የማነብላቸው።


ባለመነጽር (አዲስ አበባ)

ማዕዶት፣ በዓሉን ላበላሽብሽ አይደለም፤ ግን እኔ የገና ታሪክ የሚባለውን ነገር ብዙም አላምነውም። ድሃ ልጅ፣ በረዶ፣ መብራት የሚታይበት የሰው መስኮት፣ መጨረሻ ላይ እንባ። ጸሐፊው ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት እንባችንን መትሮ ጨርሷል።

ገበያም ነው። እንግሊዛዊው ዲክንስ የስክሩጅን፣ የዚያን ስስታም ሽማግሌ፣ ታሪክ ያወጣው ዲሴምበር 19 ቀን 1843 ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ 6,000 ቅጂዎች ለገና ዋዜማ አለቁ። (ሽፋኑንና ባለቀለም ሥዕሎቹን አሳምሮ፣ ዋጋውን 5 ሽልንግ ብቻ ስላደረገው ያሰበውን ያህል አላተረፈም። ይቺን ሳስታውስ ደስ ይለኛል።) ከዚያ ወዲህ ገና በመጣ ቁጥር ለበዓሉ የሚሆን ታሪክ ማቅረብ ለእንግሊዝ መጽሔቶች የዓመት ሥራ ሆነ። ደግሞም የስክሩጁ አጭር አይደለም፤ በአንድ ማታ እጨርሳለሁ የሚል ሰው ቡናውን እስከ ሌሊት ያፍላ።

በዚህ ሰሞን ካነበብኩ የማነበው ኮናን ዶይልን ነው። በጃንዋሪ 1892 ያወጣው አንድ የሼርሎክ ሆልምስ ታሪክ አለ፤ የተሰረቀ ሰማያዊ ዕንቁ ለገና በተገዛ ዝይ ሆድ ዕቃ ውስጥ የሚገኝበት። ማንም አያለቅስም። አንድ አሮጌ ባርኔጣ ብቻ አይቶ ሆልምስ የባለቤቱን ኑሮ፣ ትዳሩንና የወደቀበትን ችግር ሳይቀር ይነግርሃል። መጨረሻ ላይ ሌባውን ይዞት ሲያበቃ ሰሞኑ የይቅርታ ነው ብሎ ይለቀዋል።


የአራት ኪሎው

አንተ ሰውዬ፣ መጨረሻውን ዘረገፍከው እኮ!


ባለመነጽር

መቶ ሠላሳ ዓመት አልፎታል ወንድሜ። ስንት ልጠብቅህ?


ጋሽ ምርኩዝ

ልጆች፣ ስትከራከሩ ዝም ብዬ ማለፍ ይሻለኝ ነበር፤ ነገሩ እኔ የማውቀው ሰፈር ደረሰና ገባሁ። በ1970ዎቹ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ሌኒንግራድ ተማሪ ነበርኩ። ሶቪየቶቹ ያኔ ልደትን በአደባባይ አያከብሩም። ዛፉን «ዮልካ» ይሉታል፣ የሚያቆሙትም ለአዲስ ዓመት ነው። የገናን ታሪክ ያስተማረችን የሩስኛ መምህራችን ነበረች፤ አጭር ነው፣ ለውጭ ተማሪ ይመቻል ብላ።

በሩሲያ ይህ ራሱን የቻለ የድርሰት ዓይነት ነው። ስሙንም ያገኘው «ስቪያትኪ» ከሚሉት ሰሞን ነው፤ ከልደት እስከ ጥምቀት ያሉት ቀናት ማለት ነው። ቀኖቹን እዩልኝ። ቤተ ክርስቲያናቸው ዛሬም በዩልየስ አቆጣጠር ስለምትሄድ ልደታቸው ጃንዋሪ 7፣ ጥምቀታቸው ጃንዋሪ 19 ይውላል። ታኅሣሥ 29 እና ጥር 11! ማዕዶት ልጄ፣ የፈረንጁ ገና በጾም ከደረሰብሽ ኦ. ሄንሪን ያኔ ጨርሺውና ሩሲያኖቹን ለእኛው ሰሞን አቆዪአቸው። ጥምቀት እስኪደርስ ማታ ማታ አንድ አንድ ማንበብ ነው።

ሌስኮቭ በ1885 «የዕንቁ ሐብል» በሚለው ታሪኩ ውስጥ የገና ታሪክን ደንብ በአንድ ሰው አፍ ያስነግራል፦ በልደትና በጥምቀት መካከል የሚሆን፣ ጥቂት ተአምር ቢጤ ያለበት፣ አንዳች ትምህርት የሚሰጥ፣ ፍጻሜው የግድ ደስታ የሆነ። በዓመቱ ቼኾቭ «ቫንካ»ን ጻፈ። ታሪኩ በፒተርስበርግ ጋዜጣ የወጣው በልደት ቀን፣ በእነሱ በዩልየስ አቆጣጠር ዲሴምበር 25 ቀን 1886 ነው፤ ያ ዕለት በእኛ ታኅሣሥ 29 ቀን 1879 ዓ.ም. ይውላል።

ቫንካ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው፣ ሞስኮ ጫማ ሰፊ ዘንድ ሙያ ሊማር የተሰጠ። በልደት ዋዜማ ጌቶቹ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ቀለምና የዛገ ብዕር ከቁም ሣጥን አውጥቶ፣ የተጨማደደ ወረቀት አግዳሚ ላይ ዘርግቶ፣ ተንበርክኮ ለአያቱ ደብዳቤ ይጽፋል። ዓሣ አጽዳ ብላው ከጭራው በኩል ስለጀመረ እመቤቲቱ ነጥቃው የዓሣውን ራስ ፊቱ ላይ እንዴት እንዳሸችበት ይነግረዋል። የሌስኮቭን ደንብ ይዛችሁ አንብቡትና ቼኾቭ የቱን እንደጠበቀ፣ የቱን እንዳፈረሰ እዩ። ፖስታው ላይ የጻፈውን አድራሻ አልነግራችሁም።


ማዕዶት

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የቀኖቹን ነገር በፍጹም አላሰብኩትም ነበር። ለልጆች ግን ቫንካ አይከብድም? ትንሹ ስምንት ዓመቱ ነው።


ጋሽ ምርኩዝ

ለእሱ ጎጎል አለለት፤ በ1832 ያሳተመው «የልደት ዋዜማ ሌሊት»። ሰይጣን ጨረቃን ሰርቆ ኪሱ ይከታታል፣ መንደሩ ይጨልማል። ሶሎኻ የምትባል ሴት ወዳጆቿ አንዱ በአንዱ ላይ ሲመጡባት በየተራ ጆንያ ውስጥ ትከታቸዋለች፤ ከነሱ አንዱ ራሱ ሰይጣኑ ነው። አንጥረኛው ልጇ የድንጋይ ከሰል መስሎት ጆንያዎቹን ተሸክሞ ይወጣል። በኋላም ያንኑ ሰይጣን አማትቦበት እንደ በቅሎ ይጋልበውና፣ ለሚወዳት ልጅ የንግሥቲቱን ጫማ ሊያመጣላት ፒተርስበርግ ድረስ ይበራል። ትንሽ ረዘም ስለሚል ለሁለት ማታ ክፈይው፤ ሰይጣኑ ጆንያ ሲገባ አቁሚ፣ ልጁ አልተኛም ይልሻል።


የአራት ኪሎው

ኧረ ስለ መንፈስ የሚያወራ ጠፋ! እንግሊዞች እኮ ገናን የሚያነቡት እየፈሩ ነው። ኤም. አር. ጄምስ የሚባል የኬምብሪጅ ምሁር ነበር፣ የኪንግስ ኮሌጅ የበላይ የሆነ፣ ሥራው የጥንት ብራና መመርመር። በየዓመቱ ለገና ዋዜማ አንድ የመንፈስ ታሪክ ይጽፍና ጓደኞቹን ክፍሉ ሰብስቦ፣ ሻማዎቹን አጥፍቶ አንዷን ብቻ ትቶ ያነብላቸዋል። የመጀመሪያው መድበሉ የታተመው በ1904 ነው። የእሱ መናፍስት ነጭ ልብስ ለብሰው አይንከራተቱም፤ አንድ ምሁር የማይነካ ነገር ቆፍሮ ያወጣል፣ ከዚያ የሆነ ነገር ይከተለዋል። ገዳማት ውስጥ ብራና ሲመረመር ለሚያውቅ አበሻ ይሄ ሩቅ አይደለም።

ዲክንስንም ቢሆን እኔ የምወደው በ1866 የገና እትም ላይ ያወጣውን የባቡር ምልክት ሰጪውን ታሪክ ነው። ገና የሚባል ቃል የለበትም። ብቻውን ዋሻ አፍ ላይ የሚሠራ ሰው አደጋ ሊደርስ ሲል የሚታየው ነገር አለ። ዲክንስ ራሱ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ ጁን 9 ቀን 1865፣ ከባቡር አደጋ በሕይወት ከተረፉት አንዱ ነበር፤ የሞተውም ልክ በአምስተኛ ዓመቱ፣ በዚያው ቀን ነው። ይህን ካወቃችሁ በኋላ አንብቡትና እንቅልፍ ሲወስዳችሁ አያለሁ።

እኛ ሰፈር መብራት ሲሄድ ሻማ አብርቼ ለእህቶቼ አነበብኩላቸው። መብራቱ ሲመጣ ሦስቱም ጮኹ።


ትርንጎ (ዱባይ)

እኔ ብዙ ጊዜ አንብቤ ነው የማልፈው፤ ዛሬ ግን ልጻፍ።

ዱባይ ሰው ቤት ነው የምሠራው። መጽሐፍ ይዤ የምቀመጥበት ሰዓት የለኝም፤ ማታ ጆሮዬ ላይ አድርጌ እሰማለሁ። የድሮዎቹን ታሪኮች ሊብሪቮክስ የሚባል ድረ ገጽ ላይ በነጻ ነው የሚያነቡላችሁ፣ እንግሊዝኛው አይከብድም። ጋሽ ምርኩዝ የነገሩንን የቫንካን ታሪክ ልብስ እየተኮስኩ ሰማሁት።

ጋሼ ያልነገሩን አንድ ነገር አለ። ልጁ መመታቱን፣ ረሃቡን፣ ኮሪደር ላይ መተኛቱን ሁሉ ይዘረዝርና ደብዳቤውን ሊዘጋ ሲል ምን ይላል? ለአልዮና፣ ለአንድ ዓይናው የጎርካ፣ ለጋሪ ነጂው ሰላም በልልኝ፤ አኮርዲዮኔን ለማንም እንዳትሰጥብኝ። ከሰው አገር ወደ ቤት ሲጻፍ በቃ እንደዚህ ነው። እኔም መጀመሪያ የመጣሁ ጊዜ ስደውል ሌላውን ሁሉ ትቼ የምጠይቀው ሣጥኔን ማን ከፈተው እያልኩ ነበር። እማዬ ትስቅብኛለች።

ባለመነጽር፣ ወንድሜ፣ ጸሐፊው እንባችንን መትሮ ነው የሚጽፈው ካልክ አኮርዲዮኗን የት ታደርጋታለህ?


የአራት ኪሎው

[ይህ መልእክት የታሪኩን መጨረሻ ስለያዘ ተሸፍኗል። ለማየት ይጫኑ።]


አወያይ

የአራት ኪሎው፣ የፖስታውን አድራሻ ጽፈህ ስለነበር ሸፍኜዋለሁ። ባለመነጽርን ከወቀስክ በኋላ አንተው ትደግመው? ሌሎቻችሁም ብትሆኑ መጨረሻ የሚያወጣ ነገር ስትጽፉ አስቀድማችሁ አስጠንቅቁ፤ መቶ ዓመት ቢያልፈውም።


ባለመነጽር

ትርንጎ፣ ለአኮርዲዮኗ መልስ የለኝም፤ ቼኾቭን ለቅቄልሻለሁ። ዴንማርካዊውን አንደርሰንን ግን አልለቅም። በ1845 የጻፋትን ክብሪት ሻጭ ልጅ ማንም ለሕፃን ባያነብ ደስታዬ ነው። ልጅቷ በአዲስ ዓመት ዋዜማ በብርድ ትሞታለች፣ እኛ ደግሞ ሰማይ ቤት አያቷ ጋ ሄደች ተብለን እንድንጽናና ነው የሚፈለገው። (አወያይ፣ ይህን የማያውቅ ሰው የለም፣ ተወው።)


ሶስና (ስቶክሆልም)

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ስዊድን ማንም ሳያነሣ ልታልፉ ነው? በ1909 ኖቤል የተሸለመችው ሰልማ ላገርሎፍ፣ ሽልማቱን በሥነ ጽሑፍ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት፣ ስለ ክርስቶስ የሚነገሩ አፈ ታሪኮችን በ1904 በአንድ መድበል አውጥታለች። የመጀመሪያው «ቅድስት ሌሊት» ነው፤ አያቷ በልጅነቷ የነገረቻትን እንደምታስታውስ አድርጋ ነው የምትጀምረው።

አንድ ሰው ሚስቱ ወልዳ፣ እሷንና ሕፃኑን ሊያሞቅ በጨለማ እሳት ፍለጋ ይወጣል። ከሩቅ የእረኛ እሳት ያያል። በጎቹ ተጠጋግተው ስለተኙ መሄጃ የለም፤ በጀርባቸው ላይ ተራምዶ ሲያልፍ አንዲቱም አትነቃም። ውሾቹ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ድምፅ አይወጣቸውም፤ ይነክሱታል፣ ጥርሳቸው አይይዝም። እረኛው ክፉ ሽማግሌ ነው፤ ረጅሙን ዱላውን ይወረውርበታል፣ ዱላው ቀጥ ብሎ መጥቶ ሰውየው ጋ ሊደርስ ሲል ዞር ይላል። ፍሙን በእጁ አፍሶ በልብሱ ሲቋጥረው አያቃጥለውም። ያኔ ሽማግሌው ይህች ሌሊት ምን ዓይነት ሌሊት ናት ብሎ ይከተለዋል። የቀረውን አንብቡት።

እኛ አገር የገና ጨዋታ የመጣው እረኞች ልደቱን ሰምተው በደስታ ዱላቸውን ይዘው ከመጫወታቸው ነው እያሉ ነው ያሳደጉን። እዚህኛው ውስጥ እረኛው ዱላ የሚያነሣው ሊመታ ነው፤ አልመታም ያለው ዱላው ነው። ለልጆቼ ስነግራቸው ሁለቱን አብሬ ነው የምነግራቸው፤ በጣም ነው የሚወዱት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ቅናት ነው። አይስላንድ ውስጥ ለገና መጽሐፍ መሰጣጣት ልማድ ነው። የተጀመረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው፤ ከውጭ የሚገባው ዕቃ ሁሉ ሲገደብ ወረቀት ያን ያህል ስላልተገደበ ሰዉ መጽሐፍ መሰጣጣት ያዘ። ለብዙ ዓመታት አዲስ የሚወጡት መጻሕፍት ዝርዝር ከበዓሉ በፊት ታትሞ በየቤቱ ይታደል ነበር፤ ዛሬም ዲሴምበር 24 ማታ ስጦታ ተከፍቶ ይነበባል።


ባለመነጽር

እንግዲህ የእኛው የት አለ የሚለውን ላንሣ፣ ሁላችሁም ዙሪያውን እየዞራችሁት ስለሆነ። በአማርኛ የበዓል ልብ ወለድ የለም የሚሉ ሰዎች ቴሌቪዥን አይከፍቱም ማለት ነው። ለገና፣ ለፋሲካ፣ ለእንቁጣጣሽ «የበዓል ልዩ ዝግጅት» ተብሎ የሚቀርበው ጭውውትና አጭር ድራማ ምንድን ነው? በግ ገዝቶ በመንገድ ያመለጠው አባወራ፣ ዶሮ መገነጣጠል ያልቻለች ሙሽራ፣ ሳይጠራ የመጣ የባል ዘመድ። በአንድ ማታ ያልቃል፣ ቤተሰብ ተሰብስቦ ያየዋል፣ ለዚያ ቀን ተብሎ የተሠራ ነው። ዲክንስ በመጽሔት የሠራውን እኛ በቴሌቪዥን ነው የሠራነው። ጉድለቱ ማንም ሰብስቦ አለማሳተሙ ነው፤ በዓሉ ሲያልፍ አብሮ ያልፋል።


ጋሽ ምርኩዝ

ደግ ብለሃል። ከወረቀትም የለም አይባልም፤ ታደሰ ሊበን በ1949 ዓ.ም. ያሳተመው የአጫጭር ልብ ወለድ መድበል ስሙ «መስከረም» ነው። አጭር ልብ ወለድ በአማርኛ መልክ የያዘው እሱ ላይ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። የገና ባይሆንም ለእንቁጣጣሽ ይሁንልን።

ጮክ ብሎ ማንበቡም ለእኛ አዲስ አይደለም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርክ ያልሰማ የእኔ ዘመን ሰው ማን ነው? ዛሬም መጽሐፉን ስገልጥ የሚያነብልኝ የእሱ ድምፅ ነው።


ትርንጎ (ዱባይ)

እኔ አልደረስኩበትም፣ ቅጂውን ግን ሰምቼዋለሁ። ለዚህ እኮ ነው የምለው፤ እዚህ ያላችሁ ድምፃችሁን ቀድታችሁ በአማርኛ ብትለቁልን ምን አለበት? ማዕዶት ለልጆቿ በአፏ የምትመልሰውን ስልኳን አጠገቧ ብታስቀምጠው በቃ።


ማዕዶት

ውይ ትርንጎ፣ የልጆቹ ጩኸት አብሮ ይገባል እንጂ እኔ ደስ ይለኛል። እንዲያውም በቴሌግራም ቀጥታ በድምፅ እናድርገው፤ ገና ባለፈ በመጀመሪያው ቅዳሜ። አዲስ አበባ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን ስቶክሆልም 1 ሰዓት፣ ዱባይ 4 ሰዓት፣ እኔ ጋ ከቀኑ 7 ሰዓት ነው። ጽሑፎቹ የቆዩ ስለሆኑ እንግሊዝኛው ፕሮጀክት ጉተንበርግ የሚባል ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይገኛል። ጋሼ ቫንካን ከሩስኛው በቀጥታ ቢመልሱልን፣ ሶስና የእረኛውን፣ የአራት ኪሎው አንድ የሚያስፈራ ይምረጥ፤ ልጆች ስለሚኖሩ መጨረሻ ላይ ይሁን።


የአራት ኪሎው

እሺ፣ ግን ሁላችሁም መብራት ታጠፋላችሁ። ካሁኑ ቃል ግቡልኝ።


ትርንጎ (ዱባይ)

4 ሰዓት ሥራ አልጨርስ ይሆናል። ቅጂውን አታጥፉብኝ፣ ሌሊት እሰማዋለሁ።


ጋሽ ምርኩዝ

ይቀመጥልሻል ልጄ። ቫንካን እመልሳለሁ፤ ጎጎልን ግን ብቻዬን አልችለውም፣ ሰው ይበዛበታል። ሰይጣኑን እኔ እሆናለሁ። ሶሎኻን የምታነብ አንዲት ጨዋታ አዋቂ ሴት ትፈለጋለች፣ ጆንያ የሚገባ ወንድ ደግሞ ሦስት ይበቃናል። ባለመነጽር፣ አንተን አንዱ ጆንያ ውስጥ መዝግቤሃለሁ።